ሟች የማይመልሰው ክስ

በሮቤ የክረምት ሌሊት ብርዱ ሲበረታ ከመኝታ ቤት የሚወጣ የለም፤ የሚሞቅ ነገር ቢኖር ክርክር ብቻ ነው። በዚህ ሰሞን እኛ የሥነ ጽሑፍና የታሪክ ተማሪዎች ከሕግ ተማሪዎች ጋር የገጠምነው ክርክር ግን በዚያው ሊቀር የሚገባው ስላልመሰለን ወደ እናንተ አመጣነው። ጥያቄው ይህ ነው፤ ነፍስ ያጠፋ ሰው ዳኛ ፊት ቆሞ «እርሱ ራሱ አስቆጣኝ» ቢል፥ ሕግ ሊሰማው ይገባልን?

ነገሩን ያስነሣው የሩቅ አገር ታሪክ ነው። በአውስትራሊያ፥ በኩዊንስላንድ ግዛት፥ ሜሪቦሮ በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ2008 አንድ ሰው በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ተደብድቦ ሞተ። በችሎቱ ላይ ሟቹ ለወንድ የፍትወት ጥያቄ አቅርቦ ነበር የሚል መከራከሪያ ተነሣ። የዚያ ግዛት ሕግ እንዲህ ያለውን ጥያቄ እንደ ማስቆጣት ቈጥሮ የግድያውን ወንጀል ዝቅ ለማድረግ በር ይከፍት ነበር። የዚያው ቤተ ክርስቲያን ቄስ አባ ፖል ኬሊ ይህ መከራከሪያ ይሰረዝ ብለው የሕዝብ አቤቱታ አዘጋጁ፤ በመቶ ሺሕ የሚቈጠር ሰው ፈረመላቸው። ግዛቲቱ በ2017 ሕጓን አሻሻለች፤ በዚያ አገር የመጨረሻዋ ደቡብ አውስትራሊያ በ2020 ተከተለች። ልብ በሉ፤ ቄሱ ይህን ለማድረግ የቤተ ክርስቲያናቸውን ትምህርት መለወጥ አላስፈለጋቸውም።

«ይህ የፈረንጅ ጣጣ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» አለ አንድ ጓደኛችን። የሕግ ተማሪዎቹ የወንጀል ሕጉን ገልጠው አንቀጽ 541ን አሳዩት። ተራ የሰው ግድያ ከአምስት እስከ ሃያ ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። በከባድ ማነሣሣት ምክንያት፥ በድንገተኛ ድንጋጤ ወይም በብርቱ ስሜት ተገፋፍቶ የገደለ ግን ከአምስት ዓመት የማይበልጥ ቀላል እስራት ይፈረድበታል። ማነሣሣት የሚባለው ምን እንደ ሆነ መመዘን የዳኛው ነው። ዳኛውም የዚያው ከተማ ሰው ነው፤ ከተማው የሚጠላውን እርሱም ሊጠላ ይችላል።

እንግዲህ ተመሳሳይ ጾታን የሚያፈቅር ሰው ቢገደልስ? አንቀጽ 629 ድርጊቱን ወንጀል አድርጎታል። አንቀጹ ራሱ ተገቢ ነው ወይ የሚለው ክርክር በመካከላችን አላለቀም፤ ቶሎም የሚያልቅ አይመስልም። ሆኖም በዚህ አንቀጽ የሚጸና ሰው እንኳ ሁለት ነገር መቀበል አለበት፤ የተደነገገው ቀላል እስራት እንጂ ሞት አይደለም፤ የሚፈርደውም ዳኛ እንጂ ጎረቤት አይደለም። ደግሞስ ዛቻ የደረሰበት እንዲህ ያለ ሰው ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ለማመልከት ይፈራል። ሲሞት ስለ እርሱ የሚናገር ገዳዩ ብቻ ይሆናል። ጥያቄ አቀረበልኝ ይላል ገዳዩ፤ አላቀረብሁም የሚል የለም። ባሏን ትታ በመሄዷ የተገደለች ሴትም እንዲሁ ናት፤ «ሰደበችኝ» ሲባልባት መልስ የላትም።

ተበዳይን ለበዳይ ማምለጫ የሚያደርግ ሕግ ለእኛ አዲስ አይደለም። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአንቀጽ 558 እና 599 ጠልፎ የደፈረ ሰው የጠለፋትን ካገባ ከክስ ነጻ እንዲወጣ ይፈቅድ ነበር። በጎረቤታችን በአርሲ በ1993 ዓ.ም. የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ተጠልፋ ተደፈረች፤ በግድም የጋብቻ ወረቀት አስፈረሟት። የወረዳው ፍርድ ቤት ጠላፊውን ዐሥር ዓመት ፈረደበት፤ በ1996 ግን በይግባኝ ተለቀቀ። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና ሌሎችም አንቀጾቹ ይሰረዙ እያሉ ሲጮኹ፥ «ባህላችንን አትንኩ» ያላቸው ብዙ ነበር። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው አዲሱ ሕግ በአንቀጽ 587 ጋብቻው ከቅጣት እንደማያድን በግልጽ ጻፈ። ባህሉም አልፈረሰም፤ በጎባ ገበያ ዛሬም ሠርግ ይሸመታል።

ባህል ከተነሣማ፥ በባሌ ደጋ የጉማ ሥርዐት አለን። በጉማ የገዳይ ወገን ሽማግሌ ፊት የሚቀርበው «ገድለናል» ብሎ ነው። ከዚያ በኋላ ካሣው ይቈረጣል፥ ደም ይደርቃል። የሟችን ስም አጕድፎ ዕርቅ የለም።

እኛ አንቀጽ 541 ጨርሶ ይፋቅ አንልም፤ ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. በ2009 ማስቆጣትን ከነሥሩ ሠርዛዋለች፤ ለእኛ ግን ይህ የበዛ ይመስለናል። ልጁ ፊቱ ሲደበደብ ያየ አባትና የሰው ማንነት የቀፈፈው ሰው አንድ አይደሉም። የምንጠይቀው፥ የፍቅር ወይም የፍትወት ጥያቄ፥ እንቢታ፥ ፍቺና የሰው ማንነት እንደ ከባድ ማነሣሣት እንዳይቈጠሩ ሕጉ በቃል እንዲጽፍ ነው።

አቤቱታውን ለማርቀቅ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በማኅበሩ ክፍል እንገናኛለን። የሕግ ተማሪዎች ሕጉን ይዛችሁ ኑ። «የፈረንጅ ጣጣ» ያለው ጓደኛችንም ሊቃወመን እንደሚመጣ ቃል ገብቷል።