ቱቦው እስካሁን ለምን አልወጣም?

በሽንት ማስወጫ ቱቦ (ካቴተር) ሰበብ ሆስፒታል ውስጥ የሚይዙ ኢንፌክሽኖችን የሚቆጥረው የአሜሪካ የበሽታዎች ቁጥጥርና መከላከል ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ ከጃንዋሪ 2015 ጀምሮ ካንዲዳንና ሌሎች የእርሾ ፈንገሶችን ከቆጠራው አውጥቷል። ከዚያ ወዲህ ሽንቱ ውስጥ ፈንገስ ብቻ የተገኘበት ሕመምተኛ በሆስፒታሉ ላይ አይቆጠርበትም።

ውሳኔው ትክክል ነው። ሆስፒታሎችን ግን ነጻ አያወጣቸውም።

ትክክል ያልንበት ምክንያት ካንዲዳ ብዙውን ጊዜ ሳያሳምም ቱቦው ላይ ሰፍሮ ስለሚኖር ነው። በ2000 በታተመና በ10 የሕክምና ማዕከላት ሽንታቸው ውስጥ ፈንገስ የተገኘባቸውን 861 ሕመምተኞች ባካተተ ጥናት፣ ክትትል ከተደረገላቸው መካከል ፈንገሱ ደም ውስጥ የተገኘባቸው 1.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። መድኃኒት ካልተሰጣቸው 155 ሰዎች የ117ቱ ሽንት ከፈንገስ ጠራ፤ ፀረ ፈንገስ ከወሰዱት 259 ሰዎች ደግሞ የ130ው። (መድኃኒት የታዘዘላቸው ሕመማቸው የጠና ሊሆን ስለሚችል ሁለቱን አቻ ለአቻ ማወዳደር አይገባም።) የአሜሪካ ተላላፊ በሽታዎች ማኅበር የ2016 መመሪያም ምልክት ለሌለው ሰው ፀረ ፈንገስ አትስጡ ይላል፤ ነጭ የደም ሕዋሳቸው ክፉኛ የወረደባቸው፣ ክብደታቸው እጅግ አንሶ የተወለዱ ጨቅላዎችና የሽንት ቧንቧ ቀዶ ሕክምና የሚጠብቃቸው ሲቀሩ። ላቦራቶሪው «ፈንገስ አለ» ባለ ቁጥር ፍሉኮናዞል የተባለውን ፀረ ፈንገስ የሚጽፍ ሐኪም የሚያክመው ወረቀቱን ነው።

ጥፋቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። በዚያው ጥናት ከመቶው 83ቱ ቱቦ ነበራቸው፤ 90 ያህሉም አስቀድመው አንቲባዮቲክ ወስደዋል። አንቲባዮቲኩ ባክቴሪያውን ጠርጎ ለፈንገሱ ቦታ ያስለቅቅለታል፣ ቱቦው ደግሞ የሚጣበቅበት ግድግዳ ይሆነዋል። ሁለቱም የሚታዘዙት በሐኪም እጅ ነው። በ2000 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ይብሳል፦ ከሐኪሞቹ 28 በመቶው የገዛ ሕመምተኛቸው ካቴተር እንዳለው አያውቁም ነበር፤ በዚህ ረገድ አለቆቹ ከተለማማጆቹ የባሱ ሆነው ተገኝተዋል። ቱቦውን ፊኛ ውስጥ ይዛ የምታስቀረው ውሃ የተሞላች ትንሽ ባሉን ናት፤ የሚያስታውሳት ከሌለ እዚያው ትቆያለች።

ሲዲሲ ራሱ በ2009 መመሪያው፣ ለቀዶ ሕክምና የገባ ካቴተር አስገዳጅ ምክንያት ከሌለ ቢቻል በ24 ሰዓት ውስጥ ይውጣ ብሏል። በዋሽንግተን ዙሪያ ሆስፒታሎች ሌሊቱን ተረኛ ሆነው የሚያነጉ አንባቢዎቻችን ሕጉን ያውቁታል። የጎደላቸው ሥልጣን ነው። ነርሷ ምክንያቱ ያበቃለትን ቱቦ የሐኪም ፊርማ ሳትጠብቅ እንድታወጣ ይፈቀድላት። ፈንገስ ሲገኝም፣ ቁጥሩ ለሲዲሲ ባይላክም፣ ቱቦው የገባበት ቀንና ምክንያት በዚያው ዕለት ይመርመር።