አካውንቲንግን ከቅጹ ከመሰረዛችን በፊት



ሰሞኑን ፍሬሽማኖች የዲፓርትመንት ምርጫ ቅጽ እየሞሉ ነው። እኛ ዶርም ያለ አንድ ልጅ ማታ አካውንቲንግን አንደኛ ብሎ ጽፎ ጠዋት ሰርዞት አገኘሁት። ለካ ታላቅ ወንድሙ ደውሎ «ነገ ባንክ ገብተህ ወለድ ልትጽፍ ነው?» ብሎታል። ልጁ ቁጥር ላይ ጎበዝ ነው፤ የዶርማችንን የሻይ ቅጠልና የስኳር መዋጮ የሚይዘው እሱ ነው፣ አምስት ብር እንኳ ጎድሎበት አያውቅም።

እኔ የሲቪል ኢንጂነሪንግ ተማሪ ነኝ፤ ምን አገባህ ልትሉኝ ትችላላችሁ። ግን ያን ቀን የምመልስለት አጣሁ። ሐዲሱን መድረሳ ሳለሁ ሐፍዤዋለሁ፤ ኢማሙ ሙስሊም እንደዘገቡት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሪባ የሚበላውን ብቻ ሳይሆን የሚያበላውን፣ የሚጽፈውንና ምስክሮቹንም ረግመዋል። የወንድምየው ስጋት መሠረት አለው። «ዘመኑ ነው፣ ምን ታደርገዋለህ» እያሉ የሚያቃልሉት ሰዎች ምክር አይመቸኝም።

በኋላ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ከቁርኣን አያዎች ሁሉ ረጅሙ፣ አል-በቀራ 282፣ የሚናገረው ስለ ዕዳ አመዘጋገብ ነው። ጸሐፊው በፍትሕ እንዲጽፍ፣ ጻፍ ሲባልም እምቢ እንዳይል ያዛል። ስለዚህ አንዱ ጸሐፊ ተረግሟል፣ ሌላው ታዟል። ልዩነቱ የሚጽፈው ነገር ነው። ልጁ የሰረዘው ሁለቱንም ነበር።

ደግሞ አካውንታንት ሁሉ ባንክ አይገባም። ፋብሪካው፣ አስመጪው፣ ሆስፒታሉ፣ የገበሬዎች ዩኒየኑ፣ የኔ ዘርፍ የሆነው ኮንትራክተሩ ሳይቀር ያለ ሂሳብ ሠራተኛ አይንቀሳቀስም። ነጋዴው ዘካውን በትክክል የሚያወጣው ዕቃውንና ዕዳውን ለይቶ ሲያውቅ ነው። አባቶቻችን ሱቅ ውስጥ ስንቱ በግምት እንደሚያወጣ እናውቃለን። ሩቅ ሳንሄድ፣ ባለፈው ረመዷን የኢፍጣር መዋጯችን መዝገብ ሲዘጋ 1,400 ብር የት እንደገባ ማንም ሊያስረዳ አልቻለም። የሰረቀ አለ ብዬ አላምንም። የጻፈ ግን አልነበረም፤ በዚያ ምክንያት ሁለት ወንድሞች እስካሁን በደንብ አይነጋገሩም።

አስቸጋሪው ጥያቄ ኦዲት ላይ ይመጣል። ኦዲት ድርጅት የገባ ልጅ አንድ ቀን የወለድ ባንክ መዝገብ መርምር መባሉ አይቀርም። እዚህ ላይ ፈትዋ መስጠት የኔ ደረጃ አይደለም፤ ኡስታዞቻችንን ጠይቁ። ስትጠይቁ ግን «አካውንቲንግ ሐላል ነው?» ብላችሁ አትቁሙ። ሥራው ምን ምን እንደሆነ ዘርዝሩላቸው። ግማሽ ጥያቄ ይዞ ሄዶ ሙሉ መልስ የሚጠብቅ ብዙ ነው።

ቻርተርድ አካውንታንት የመሆን ሐሳብ ያላችሁ ደግሞ ሂሳቡን ቀድማችሁ ሥሩ። አገራችን ውስጥ በሰፊው የሚታወቀው መንገድ ኤሲሲኤ ነው፤ 13 ፈተናና የ36 ወር የሥራ ልምድ ይጠይቃል። የአካውንቲንግ ዲግሪ እንደ ይዘቱ እስከ 9 ከሚደርሱ ፈተናዎች ነፃ ሊያደርግ ይችላል፤ ነፃ ለተባላችሁበትም ግን ለእያንዳንዱ ይከፈላል። ክፍያው በፓውንድ ነው። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሬ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ያው ክፍያ በብር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ስለዚህ ለስሙ ብላችሁ ከሁለተኛ ዓመት ጀምራችሁ ቤተሰብ አታስጨንቁ። ዲግሪውን ጨርሱ፣ የመውጫ ፈተናውን እለፉ፣ ሥራ ያዙ፤ ልምዱ እየተቆጠረ ፈተናውን ከደሞዛችሁ አንድ አንድ እያላችሁ መውሰድ ይቻላል። ለሠራተኛው የሚከፍል መሥሪያ ቤትም አለ።

ብዙዎቻችን ያላየነው ሌላም በር አለ። ብሔራዊ ባንክ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ለሆኑ ባንኮች መንገድ የከፈተው በ2011 ነው፤ ዛሬ ዘምዘምና ሂጅራ ሥራ ላይ ናቸው፣ የተለመዱት ባንኮችም ከወለድ ነፃ መስኮት አላቸው። በአዋጅ 847/2006 መሠረት እነዚህ ባንኮችም ሪፖርት የሚያቀርቡት በዓለም አቀፉ የሂሳብ ደረጃ፣ በአይኤፍአርኤስ ነው። በዚህ ደረጃ ሙራበሃ ብዙውን ጊዜ የሚታየው እንደ ብድር ዓይነት ፋይናንስ እንጂ እንደ ሽያጭ አይደለም። ባህሬን ያለው አዮፊ ደግሞ የራሱ የሂሳብና የሸሪዓ ደረጃዎች አሉት፤ ለኢስላማዊ አካውንታንትና ለሸሪዓ ኦዲተር የምስክር ወረቀትም ይሰጣል። ሁለቱን አጣጥሞ የሚያነብ ሰው ከየት ይምጣ? ሪባን የሚፈራው ልጅ ቅጹ ላይ ከሰረዘ፣ ያንን ወንበር የሚይዘው ስለ ሪባ ግድ የሌለው ነው።

ቅጹ የሚመለሰው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። አካውንቲንግ 3ኛ ዓመትና ከዚያ በላይ ያላችሁ ወንድሞች፣ ሐሙስ ከመግሪብ በኋላ መስጂድ ስንገናኝ ልጁን ላስተዋውቃችሁ። እኔ ስለ ኮንክሪት ካልሆነ ስለ ዴቢትና ክሬዲት የምነግረው የለኝም።