ስለ መጦሪያ ቤት አመራረጥ

«ጡረታ» የሚለው ቃል በመሥሪያ ቤት ሲነገር የሚታሰበን በየወሩ የሚከፈለው አበል ነው። የቃሉ ሥር ግን ከመዝገብ ቤት የራቀ ነው። «ጦረ» ማለት በዕድሜ የደከመውን ሰው መገበ፣ አለበሰ፣ ደገፈ ማለት ሲሆን፣ ይህን የሚያደርገው «ጧሪ»፣ የሚደረግለት «ተጧሪ»፣ የሚኖርበትም ስፍራ «መጦሪያ» ይባላል። «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ብሎ መመረቅ የቈየ ልማድ ስለ ሆነ፣ ወላጁን ወደ መጦሪያ ቤት ለመውሰድ ያሰበ ሰው ምርቃቱን የካደ ይመስለዋል። በዚህም የተነሣ ነገሩን በኀፍረትና በችኰላ ይጨርሳል፤ ቤቱንም በቅጡ ሳይመረምር ይመርጣል።

ይህ ችግር በጐረቤታችን በሐርጌሳ ከተማ ጐልቶ ይታያል። በሶማሌላንድ ሽማግሌ እጅግ የተከበረ ነው፤ በ1985 ዓ.ም. በቦረማ ከተደረገው ጉባኤ ወዲህ «ጉርቲ» የተባለው የሽማግሌዎች ሸንጎ ከሁለቱ ምክር ቤቶች አንዱ ሆኖ ቆሟል። እናትን «ሆዮ»፣ ሴት አያትን «አዬዮ» እያሉ በቤት መጦር የልጅ ዕዳ ነው፤ የእስልምና ሕግም ችግረኛ ወላጅን መቀለብን ያዛል። ስለዚህ መጦሪያ ቤት ተብሎ በሩ ላይ የተጻፈበት ቤት በከተማይቱ እምብዛም አይፈለግም። ነገር ግን በ1980 ዓ.ም. ሐርጌሳ በአውሮፕላንና በመድፍ በተደበደበች ጊዜ ሕዝቡ ወደ ሐርተሼክና ወደ ሌሎች የስደተኞች ሰፈሮች ፈለሰ፤ ከዚያም ብዙው ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ተበተነ። ከወላጆች አያሌዎቹ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ልጆች በሰው አገር ቀሩ። ልጅ ገንዘቡን በዳሃብሺል ይልካል፤ ዘመድ አስታማሚ ይቀጥራል፤ እናትም ቀኑን ከተቀጣሪዋ ጋር ታሳልፋለች። እንግዲህ ቤቱ የዘመድም ይሁን የኪራይ፣ ደካማን በደመወዝ የሚያስጠብቁበት ቤት ከሆነ፣ ስሙ አልተጻፈበትም እንጂ ትንሽ መጦሪያ ቤት ነው፤ እንደ መጦሪያ ቤትም ሊመረመር ይገባዋል።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚመረመረው ቋንቋ ነው። በሐርጌሳ ከኢትዮጵያ የሄዱ ብዙ ሴቶች በቤት ሠራተኝነት ያገለግላሉ፤ ከእነርሱም ሶማሊኛ ገና የማይሰሙ አሉ። በጉልምስና ቋንቋ መማር ምን ያህል እንደሚያደክም ይህን ገጽ የሚያነብ ሹም ያውቀዋል፤ በሰማንያ ዓመት ግን ውኃ ለመጠየቅ ሲባል አዲስ ቋንቋ ሊማር የሚገባው ሰው የለም። የመርሳት ሕመም ያደረበት ሰውማ ዘግይቶ የተማረውን ቋንቋ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ይጥላል። ቀድሞ ከሶማሌላንድ ሄደው በእንግሊዝ መርከቦች ያገለገሉ መርከበኞች በካርዲፍ ወደብ ወገኖቻቸው በሚያስተዳድሯቸው ትንንሽ ማረፊያ ቤቶች ያድሩ ነበር፤ አያሌዎቹም በዚያው ከተማ አረጁ። ለምን በዚያ እንዳደሩ መገመት አያዳግትም፤ ቋንቋቸው፣ ምግባቸውና ጸሎታቸው በዚያ ነበር።

ቤቱን ለማየት ቀጠሮ አይያዝም። በእራት ሰዓት ወይም ማለዳ ድንገት መሄድ ይሻላል፤ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ፊት ምግብ ተቀምጦ ሲነሣ፣ ወይም ታግሦ የሚያጐርሰው ሲኖር በዓይን ይታያልና። ሌሊት የሚነቃው ማን ነው? ቀን የሠራችው አስታማሚ ራሷ ሌሊትም ጠባቂ ከሆነች፣ የሚጠብቅ የለም ማለት ነው። ራሱን ማገላበጥ የማይችል ሰው በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ካልተገለበጠ ተረከዙና ዳሌው ይቈስላል፤ ስለዚህ አንሶላው ነጭ መሆኑ ብቻ አያጽናና።

የሐርጌሳ ውኃ ደግሞ ለብቻው ጥያቄ ነው። ከጌድ ዴብሌ ጕድጓዶች በቧንቧ የሚመጣው ለሁሉ ስለማይዳረስ፣ ብዙ ቤት በቦቴና በአህያ ጋሪ ይቀዳለታል። በቀን አምስት ጊዜ ለሚታጠብ አረጋዊ «ብርካ» የሚባለው የውኃ ማጠራቀሚያ መኖሩ፣ መታጠቢያውም ወለሉ የማያንሸራትትና በግድግዳው እጀታ ያለው መሆኑ መታየት አለበት፤ አንዲት መውደቅ የዳሌ አጥንት ትሰብራለችና። መድኀኒትም በቃል አይሰጥም፤ ስሙ፣ ሰዓቱና የሰጪው ፊርማ በደብተር ይጻፍ። የስኳር ሕመም ላለበት ሰው ጣፋጭ ሻይ መስጠት ደግነት የሚመስላት አስታማሚ ብዙ ናት። የተማረ ነርስ አልፎ አልፎ እንዲጐበኝ ማድረግ በከተማይቱ የማይቻል አይደለም፤ በ1994 ዓ.ም. የተከፈተው የኤድና ኣዳን ሆስፒታል ነርሶችንና አዋላጆችን ያሠለጥናል። (መሥራቿ ወይዘሮ ኤድና ከዓለም የጤና ድርጅት ሲሰናበቱ ያገኙትን የጡረታ ገንዘብ ለዚህ ሆስፒታል ማዋላቸው፣ ስለ ጡረታ ከላይ በተነገረው ላይ የሚጨመር ነው።)

በአዲስ አበባ የሚኖር አንባቢ መቄዶንያን ያስብ ይሆናል። አቶ ቢኒያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. ያቋቋሙት ይህ ማዕከል ከጐዳና የሚያነሣው ጧሪ ያጡትን ነው፤ ልጅና ደመወዝ ያለው ሰው ያንን አልጋ መሻማት አይገባውም። በቁጥር 213/1992 የወጣው የቤተሰብ ሕግም ቀለብ የመስጠትን ግዴታ በወላጆችና በልጆች መካከል አጽንቷል።

ክፍያው ምንን እንደሚጨምር፣ ሕመም ቢጠና ወደ ሐኪም የሚወስደው ማን እንደ ሆነ፣ ስልክ የሚደወለውም ለማን እንደ ሆነ በጽሑፍ ይያዝ። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የሚጠየቁት ተጧሪዋ ናቸው። «ለጥቂት ቀን ነው» ብሎ እናቱን ወስዶ የሚተው ሰው አለ፤ ይህ ማታለል ነው፤ ቤቱ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ከዚያ በኋላ አያምኑትም። አስቀድሞ ወደ ቤቱ ወስዶ ከነዋሪዎቹ ጋር ሻይ እንዲጠጡ ማድረግ፣ እምቢ ካሉም ምክንያታቸውን መስማት ይገባል። እሺ ቢሉም የመጀመሪያው ወር የሙከራ ነው፤ የቀድሞ ክፍላቸው አይከራይ፣ አልጋቸውም አይነሣ። ወሩ ሲያልቅ የሚጠየቁት በስልክ ሳይሆን በአካል፣ ያውም የቤቱ ባለቤት ከክፍሉ ከወጣች በኋላ ነው።