የተሸነፈ ሰው ምስክርነት

በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና አገሮች እሽቅድድም ከጥንት ጀምሮ የተወደደ ነገር ነው። ፈረስ በዚህ አገር እጅግ የተከበረ ስለ ነበረ የጅማ ነገሥታት በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር፤ አባ ጅፋር የሚለው ስም ራሱ የፈረስ ስም ነው። ፈረስ የሌለው ልጅም ቢሆን በእግሩ ከጓደኛው ጋራ ሳይሽቀዳደም አይውልም።

ልጆች ሆይ፥ በእሽቅድድም አንዱ ብቻ ይቀድማል፤ የቀሩት ሁሉ ይሸነፋሉ። ስለዚህ በዓለም ላይ ከአሸናፊው ይልቅ ተሸናፊው ይበዛል። ዳሩ ግን ማሸነፍን የሚያስተምር ብዙ ሲሆን መሸነፍን የሚያስተምር ጥቂት ነው። በእኔ አሳብ የሰው ልብ ደግነቱም ሆነ ክፋቱ ጎልቶ የሚታየው በተሸነፈበት ሰዓት ነው።

አንድ ቀን በአንዲት የቡና ከተማ ለተማሪዎች የሩጫ ውድድር አደረግን። ሕጉ ከትምህርት ቤቱ በር ተነሥቶ በመንገዱ እስከ ወንዙ ድልድይ ሄዶ መመለስ ነበረ፤ መንገዱን ትቶ በአቋራጭ የሄደ ልጅ ሽልማት አያገኝም ተባለ። ሽልማቱም አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ነበረ። ፊተኛ ሆኖ የደረሰውን ልጅ ግን አንዳንድ ሰዎች፥ «በቡና ማሳ ውስጥ አቋርጦ መጣ» ብለው ከሰሱት። ልጁም፥ «ቡና የተጫኑ በቅሎዎች መንገዱን ስለ ዘጉብኝ ጥቂት ፈቀቅ ብዬ አለፍሁ እንጂ አላቋረጥሁም» አለ። ሁለተኛው ልጅ ከኋላው ሲሮጥ ሁሉን አይቶ ነበርና ጠየቅሁት። እርሱም ዐይኑን ወደ ምድር አድርጎ ዝም አለ። እኔም ዝምታውን እንደ ክስ ቈጥሬ ሽልማቱን ለእርሱ ሰጠሁት።

በሦስተኛው ቀን ያ ልጅ ደብተሩን ይዞ ብቻውን ወደ እኔ መጣ። «የኔታ፥ እርሱ አላቋረጠም፤ በቅሎዎቹን እኔም አይቻለሁ» አለኝ። የደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ግን ተጽፎበት ነበረ። ልጁ በአፉ አልዋሸም፤ ነገር ግን እውነት መናገር በሚገባው ሰዓት ዝም አለ፤ እኔም ሳልመረምር ፈረድሁ። ከዚህ የተነሣ ፊተኛው ልጅ ሦስት ቀን ሙሉ አታላይ እየተባለ ዋለ። ደብተሩን በተማሪዎች ሁሉ ፊት ለባለቤቱ መለስን፤ የተጻፈበትን ገጽ ግን እንደ አዲስ ማድረግ አልተቻለም።

በዚያን ቀን ለተማሪዎቼ የአንድ እንግሊዛዊ መኪና ነጂ ታሪክ ነገርኋቸው። ለእናንተም እነግራችኋለሁ።

በሌሎች አገሮች ሰዎች በፈረስ ፈንታ በመኪና ይሽቀዳደማሉ። በአሜሪካ ስቶክ ካር የሚባል እሽቅድድም አለ፤ መኪናዎቹ መልካቸው በገበያ የሚሸጡትን መኪናዎች ይመስላል። አብዛኛውን ጊዜ እንደ እንቁላል ሞላላ በሆነ ሜዳ ላይ ወደ ግራ ብቻ እየዞሩ ይሮጣሉ፤ አንዳንድ ጊዜ ግን፥ በኒው ዮርክ ግዛት በዋትኪንስ ግሌን እንደሚደረገው፥ ወደ ቀኝም ወደ ግራም በሚጠማዘዝ መንገድ ይወዳደራሉ። እንደዚህ ባለ መንገድ ላይ ነጂው ፍሬኑን መቼ እንደሚይዝ፥ ማርሹን መቼ እንደሚለውጥ ጠንቅቆ ማወቅ አለበት፤ ጥቂት ቢሳሳት ከመንገድ ይወጣል። ሲሸነፍም ሰበብ አያጣም፤ «ጎማው ነው፥ ሞተሩ ነው፥ ሌላው ገፍቶኝ ነው» ሊል ይችላል። አንዳንድ ጊዜም እውነቱን ነው። አባቶቻችን ግን፥ «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላሉ። መኪናም እንዲሁ ነው፤ መሪውን የያዘው ሰው ልብ ከመኪናው አይገኝም።

በእኛ አቆጣጠር በ1950 ዓ.ም. በነሐሴ ወር በፖርቱጋል አገር፥ በፖርቶ ከተማ መንገድ ላይ ታላቅ የመኪና እሽቅድድም ተደረገ። ስተርሊንግ ሞስ አንደኛ፥ የአገሩ ልጅ ማይክ ሆቶርን ሁለተኛ ወጡ። እነዚህ ሁለቱ በዚያ ዓመት የዓለም ሻምፒዮን ለመባል እርስ በርሳቸው ይፎካከሩ ነበር። ወደ መጨረሻው ላይ የሆቶርን መኪና ከመንገዱ ወጥታ ቆማ ነበር፤ እርሱም ቁልቁል አንከባሎ ሲያስነሣት ከእሽቅድድሙ አቅጣጫ ተቃራኒ ሄደ። ዳኞቹም ሕግ አፍርሷል ብለው ውጤቱን ሊሰርዙበት አሰቡ። ሞስ ዝም ቢል ይጠቀም ነበር። እርሱ ግን፥ ሆቶርን ያን ጊዜ በእግረኞች መሄጃ ላይ እንጂ በመሽቀዳደሚያው መንገድ ላይ እንዳልነበረ ለዳኞቹ መሰከረለት። ዳኞቹም ምስክርነቱን ተቀብለው የሆቶርንን ውጤት አጸኑለት።

የዓመቱ የመጨረሻ እሽቅድድም በ1951 ዓ.ም. በጥቅምት ወር በአፍሪካችን፥ በሞሮኮ አገር በካዛብላንካ ተደረገ። እዚያም ሞስ አንደኛ፥ ሆቶርን ሁለተኛ ወጡ። የዓመቱ ነጥብ ሲደመር ግን ሆቶርን 42፥ ሞስ 41 ሆነ። በዚያ ዓመት ሞስ አራት ጊዜ፥ ሆቶርን ግን አንድ ጊዜ ብቻ አሸንፈው ሳለ ክብሩ ለሆቶርን ሆነ። የፖርቶው ነጥብ ተሰርዞ ቢሆን ኖሮ ክብሩ የሞስ ይሆን ነበር። ሞስ 90 ዓመት ኖሮ በ2012 ዓ.ም. ሞተ፤ አንድ ጊዜ እንኳ የዓለም ሻምፒዮን ሳይባል ቀረ። ነገር ግን ስሙ በተነሣ ቍጥር ይህ ምስክርነቱ አብሮ ይነሣል።

ምናልባት ከእናንተ አንዱ፥ «መሸነፍን የለመደ ሰው መቼ ያሸንፋል?» ይል ይሆናል። እኔም ተሸንፋችሁ ደስ ይበላችሁ አልልም። የተሸነፈ ሰው ማዘኑ ተገቢ ነው። ኀዘኑ ግን የባልንጀራውን ስም ወደ ማጥፋት ሳይሆን ወደ ሥራ ይምራው።

የኬንያው ሯጭ ፖል ቴርጋት በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ሩጫ በአገራችን ልጅ በኃይሌ ገብረ ሥላሴ ተሸነፈ። በ1993 ዓ.ም. በመስከረም ወር በሲድኒ እንደ ገና በእርሱ ተሸነፈ፤ ያን ጊዜ በሁለቱ መካከል የነበረው ልዩነት፥ አንድ ሴኮንድ መቶ ቦታ ቢከፈል ዘጠኙ እጅ ብቻ ነበረ። ቴርጋት ግን ሩጫን አልተወም፤ ከሜዳ ወደ ረጅሙ የጎዳና ሩጫ ዞሮ ደከመ። በ1996 ዓ.ም. በመስከረም ወር በበርሊን ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ55 ሴኮንድ ጨርሶ የዓለምን ክብረ ወሰን ያዘ። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር በአቴና ኃይሌ በተራው ተሸነፈ፤ ቀነኒሳ በቀለ አንደኛ ሲወጣ እርሱ አምስተኛ ሆነ። ኃይሌም አልተወም፤ በ2000 ዓ.ም. በመስከረም ወር በዚያው በበርሊን ሮጦ የቴርጋትን ክብረ ወሰን በ29 ሴኮንድ አሻሻለ። እንግዲህ ዛሬ የቀደመ ነገ ይቀደማል፤ ዛሬ የተቀደመም ከደከመ ነገ ይቀድማል።

ስለዚህ ልጆች ሆይ፥ በሩጫም ሆነ በትምህርት በተሸነፋችሁ ጊዜ ሦስት ነገር አድርጉ። መጀመሪያ፥ የቀደማችሁን ልጅ እጁን ጨብጣችሁ፥ «እንኳን ደስ አለህ» በሉት። ሁለተኛ፥ የጎደላችሁን ነገር ከሰው ሳይሆን ከራሳችሁ ፈልጋችሁ በማግስቱ ወደ ሥራ ተመለሱ። ሦስተኛ፥ ስላያችሁት ነገር ብትጠየቁ፥ ምስክርነታችሁ የሚጠቅመው የቀደማችሁን ልጅ ቢሆንም እውነቱን ተናገሩ። ከሦስቱ የሚከብደው ይህ ነው፤ የሚበልጠውም ይህ ነው።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል። ነገሩ እውነት ነው። ዳሩ ግን እውነት እስኪጠራ ድረስ በመካከል የሚጎዳ ሰው አለ፤ ያ ፊተኛው ልጅ ሦስት ቀን አታላይ ተብሎ ውሏልና። እናንተ ግን የምታውቁትን እውነት አታሳድሩት።