ስለ አሮጌ የሥራ መኪና ጩኸት፤ ሳያደምጡ መፍረድ እንዳይገባ

ለክቡራን የየአገሩ አስተዳዳሪዎች፥ ለየወረዳው ሹማምንትና ለእርሻ ባለቤቶች ሁሉ።

«ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» የሚለው የአባቶቻችን ቃል ለዳኝነት ብቻ የተነገረ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን ይህ ቃል ለብረትም ይሠራል። ምስክር ሳይሰማ የሚፈርድ ዳኛ እንደሚነቀፍ ሁሉ፥ መኪና ሲጮኽ የጩኸቱን ምክንያት ሳያስመረምር «ይሸጥ» ወይም «ሾፌሩ ይቀጣ» ብሎ የሚያዝ ሹምም ሊነቀፍ የተገባ ነው። ይህን የምጽፈው ሌላውን ለመንቀፍ አይደለም፤ እኔው ራሴ በዚህ ነገር ስለ ተሳሳትሁ ነው።

አስቀድሜ ነገሩ ለማያውቀው እንዲገባው ላስረዳ። የሥራ መኪና ሞተር መንኰራኵሮቹን ብቻ የሚያዞር አይደለም። በካምቢዮው ጎን ባለው መስኮት ላይ አንድ ትንሽ የብረት ሳጥን ይታሰራል፤ በውስጡ ያለው ጥርስ ከካምቢዮው ጥርስ ጋራ ተያይዞ የሞተሩን ኀይል ወደ ውጭ ያወጣል። ይህ ኀይል መውሰጃ ይባላል፤ የዛሬ መካኒኮች ፒ.ቲ.ኦ. ይሉታል። የገልባጭን ሣጥን የሚያነሣው፥ የቦቴን የውሃ ፓምፕ የሚያዞረው፥ ከባድ ዕቃ የሚጐትተውን የሽቦ ገመድ የሚጠቀልለው እርሱ ነው። አሜሪካኖች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1946 እስከ 1968 ዓመተ ምሕረት፥ ከጦር መኪና አሻሽለው ለገበሬ የሸጡት «ፓወር ዋገን» የተባለው የዶጅ መኪና በዚህ ጥቅም የታወቀ ነበር፤ በቀን ጭነት ተሸክሞ ከዋለ በኋላ ቆሞ የእርሻ መሣሪያ ያንቀሳቅስ ነበርና።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልመለስ። ከጥቂት ዓመታት በፊት እሠራበት በነበረ ወረዳ፥ ለችግኝ ማፍያና ለከብት ውሃ የሚያመላልስ አንድ አሮጌ ቦቴ ነበረን። በበጋው መካከል ፓምፑን ሲያስነሡት ቈርቈሮ ላይ ጠጠር እንደሚበትን ሰው ያንኳኳ ጀመር። አንድ መካኒክ ጠርተን ፈታው፤ ገጠመው፤ ከዚያ ወዲያ ማንኳኳቱ ቀረና በፈንታው እንደ ተርብ ይጮኽ ጀመር። ሾፌሩ «ጌታዬ፥ ይህ ድምፅ ከፊተኛው የባሰ ነው፤ ይቁም» ብሎ ቢነግረኝ፥ ከሥራ ለመሸሽ የፈጠረው ምክንያት መሰለኝ። «ያበላሸኸው አንተ ነህ» ብዬ ከደመወዙ እንዲቈረጥ አዘዝሁ፤ መኪናውም በጨረታ እንዲሸጥ ደብዳቤ ፈረምሁ። ደብዳቤው መልስ እስኪያገኝ ሦስት ሳምንት አለፈ። በነዚያ ሦስት ሳምንታት ከችግኙ ብዙው ደረቀ፤ እናቶችም እንስራ በጀርባቸው አዝለው ወንዝ ይወርዱ ነበር።

በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ መካኒክ በመንገድ ሲያልፉ አየነውና ለመንናቸው። እርሳቸውም ቁልፍ ከማንሣታቸው በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ዝም ብለው አዳመጡ። ያደረጉትን በተራ እጽፋለሁ፤ ለማንኛውም ወረዳ ይጠቅማልና።

መጀመሪያ ሞተሩን አስነሥተው፥ ማርሹን ባዶ አድርገው፥ ኀይል መውሰጃውንም ሳያስገቡ አደመጡ። ቀጥሎ ፍሪሲዮኑን አስረገጡ። ፍሪሲዮን ሲረገጥ የካምቢዮው ጥርሶች መዞር ያቆማሉ፤ ስለዚህ ጩኸቱ አብሮ ከቆመ ነገሩ በካምቢዮው ወይም በኀይል መውሰጃው ውስጥ ነው፤ ካልቆመ ግን በሞተሩ በኩል ይፈለጋል፤ ሲረገጥ ጊዜ የሚብስ ከሆነም የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ መታየት አለበት። በእኛ ቦቴ ጩኸቱ አብሮ ቆመ። በብዙ መኪና የኀይል መውሰጃው የመጀመሪያ ጥርስ ሥራ ባይገባም እንኳ ከካምቢዮው ጥርስ ጋራ ሁልጊዜ ስለሚዞር፥ «አላስገባሁትም፤ እንግዲህ ከእርሱ አይደለም» ማለት ስሕተት ነው።

ሁለተኛ ሞተሩን አጥፍተው ወደ ፓምፑ የሚሄደውን ዘንግ ፈቱ፤ ከዚያም ዘንጉ ሳይኖር ኀይል መውሰጃውን አስገብተው አደመጡ። በዚህ ጊዜ ጩኸቱ ቢጠፋ ኖሮ ጥፋቱ ከዘንጉ ወይም ከፓምፑ በሆነ ነበር። ዘንግ የሚያሰማው ድምፅ ከፍጥነቱ ጋራ የሚጨምር መንቀጥቀጥ ያለበት ነው፤ ክሮቸራው ሲበላ፥ ወይም የሁለቱ ጫፎች ሹካዎች በአንድ አቅጣጫ ሳይገጠሙ ሲቀሩ ይመጣል። ፓምፕ ግን ዘይት ወይም ውሃ ሲያንሰው፥ የመሳቢያው ወንፊትም ሲደፈን፥ ጠጠር እንደ ዋጠ ሰው ያጓራል፤ ይህም ጭነት ሲጨምር ይብሳል። የእኛው ጩኸት ዘንጉ ተፈትቶም አልጠፋም።

ሦስተኛ የካምቢዮውን ዘይት በንጹሕ ዕቃ ቀድተው በጣታቸው አሹት። ዘይት ያነሰው ካምቢዮ ይጮኻል፤ በዘይቱ ውስጥ ደቃቅ የብረት ብናኝ ቢገኝ የመበላት ምልክት ነው፤ ስባሪ ቢገኝ ግን የጥርስ መሰበር ነውና መኪናው ከዚያ ወዲያ አንዲት ስንዝር መንቀሳቀስ የለበትም። በእኛ ዘይት ጥቂት ብናኝ እንጂ ስባሪ አልነበረም።

አራተኛ ሳጥኑን ከካምቢዮው አላቀቁት። እነሆ ምስጢሩ በዚህ ተገለጠ። በሁለቱ ብረቶች መካከል ሊኖር የሚገባው ጓርኒሲዮን የለም፤ በፈንታው ማሸጊያ ሙጫ ተለቅልቆበታል። ከዚያ በፊት ደግሞ ሌላ ሰው ከካርቶን ቀድዶ ሁለት ሦስት እጥፍ አድርጎበት ኖሯል። እኛ ሁላችን ጓርኒሲዮን ዘይት እንዳይፈስ ብቻ የሚደረግ ይመስለናል። በዚህ ቦታ ግን ጓርኒሲዮን መለኪያም ነው፤ ጥርስ ከጥርስ ምን ያህል ተቀራርቦ እንዲቆም የሚወስነው እርሱ ነውና። ሲወፍር ጥርሶቹ ተራርቀው ይንኳኳሉ፤ ሲጠፋ ተጣብቀው ይጮኻሉ። የፊተኛው ማንኳኳት ከካርቶኑ፥ የኋለኛው ጩኸት ከሙጫው መጣ ማለት ነው። ሾፌሩ በዚህ ውስጥ አንዳች በደል አልነበረበትም።

በብዙ የአሜሪካ ሥሪት ኀይል መውሰጃ በጥርስና በጥርስ መካከል ሊኖር የሚገባው ክፍት ከ0.15 እስከ 0.30 ሚሊሜትር ነው። ይህም እንደ ሰዓት መርፌ ባለው መለኪያ ይለካል። 0.25 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው አንድ ጓርኒሲዮን ሲጨመር ክፍቱ 0.15 ሚሊሜትር ያህል ይሰፋል። ሽማግሌው ሲለኩ የእኛ ክፍት 0.05 ብቻ ሆኖ አገኙት፤ አንድ ጓርኒሲዮን ጨመሩበትና 0.20 ሆነ። ሁለት ቢጨምሩ 0.35 ሆኖ እንደ ገና ባንኳኳ ነበር። ጥርሶቹ ገና ስላልተቈረሱ መለወጥ አላስፈለጋቸውም። ዘይቱን አድሰው፥ ብሎኖቹን በእኩል አጥብቀው፥ ሞተሩን አስነሥተው አደመጡ፤ ከዚያም ጥቂት ቀን ከተሠራበት በኋላ ብሎኖቹ እንደ ገና እንዲጠበቁ አዝዘው ሄዱ። የፈጀው ከሰዓት በኋላ ያለው ጊዜና አንድ ቅጠል ጓርኒሲዮን ነው። የሾፌሩን ደመወዝ መለስሁለት፤ የደረቀውን ችግኝ ግን መመለስ አልቻልሁም።

አንዳንድ ሰዎች «አሮጌ መኪና ማስታመም ገንዘብ ማባከን ነው፤ አዲስ ይገዛ» ይላሉ። ይህ አሳብ ሁልጊዜ ስሕተት ነው አልልም። ጥርሱ ከተሰበረ፥ አቻውም ከተቈረሰ፥ መለወጫውም በገበያ ካልተገኘ፥ መኪናውን ማሰናበት ይገባ ይሆናል። ደግሞም ጩኸት ሁሉ በሽታ አይደለም፤ ቀጥ ተብለው የተቈረጡ የአሮጌ ካምቢዮ ጥርሶች በተፈጥሯቸው ያዜማሉ፤ የሚያሠጋው ትናንት ያልነበረው ድምፅ ነው። ይሁን እንጂ መኪናውን ለማሰናበት የሚበቃው ምክንያት የታወቀ ምክንያት ነው እንጂ ያልታወቀ ጩኸት አይደለም። ምክንያቱ ሳይታወቅ የተሸጠ መኪና ለገዢው በርካሽ የተሰጠ ስጦታ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የሰው ሕይወት ነው። በደቂቃ 540 ጊዜ የሚዞር ዘንግ በአንዲት ሰከንድ 9 ጊዜ ይዞራል፤ ውፍረቱ 4 ሳንቲሜትር ቢሆን በዚያች ሰከንድ ከአንድ ሜትር የሚበልጥ ጨርቅ ይጠቀልላል። ጋቢ ወይም ነጠላ የለበሰ ሰው ለማዳመጥ ብሎ ወደሚዞር ዘንግ ቢያጐነብስ፥ «ያዘኝ» ለማለት እንኳ ጊዜ አያገኝም። ስለዚህ ዘንጉ መከለያ ይኑረው፤ ሞተሩ ሳይጠፋና መንኰራኵሮቹ በድንጋይ ሳይደገፉ ማንም ከሥሩ አይግባ፤ የተነሣ የገልባጭ ሣጥንም በጠንካራ ድጋፍ ሳይያዝ ማንም እጁን አይስደድ። የሚያዳምጥም ሰው ከሚዞረው ነገር ርቆ ይቁም።

እንግዲህ ክቡራን ሹማምንት፥ በበኩሌ የምመክረው ይህ ነው። ለያንዳንዱ የሥራ መኪና አንድ መዝገብ ይከፈትለት፤ ሾፌሩ አዲስ ድምፅ በሰማበት ቀን፥ ባዶ ማርሽ ሳለ ነው ወይስ ፓምፑ ሲሠራ፥ ፍሪሲዮን ሲረገጥ ይቆማል ወይስ አይቆምም፥ ብሎ ይጻፍበት። ድምፅን የነገረ ሾፌር ይመስገን እንጂ አይቀጣ፤ የተቀጣ ሾፌር ሁለተኛ አይናገርምና፥ ጥርሱ እስኪሰበር ዝም ይላል። ፍሪሲዮን ረግጦ ጥቂት ሳይታገሥ ኀይል መውሰጃውን በጉልበት የሚያስገባ፥ ወይም ሥራው ካለቀ በኋላ ሳያወጣው መንገድ የሚጀምር ሾፌር ግን ይመከር። በየግምጃ ቤቱም አንድ የመርፌ መለኪያና በውፍረታቸው የተለዩ ጓርኒሲዮኖች ይቀመጡ፤ ዋጋቸው ከአንድ የጨረታ ማስታወቂያ ዋጋ አይበልጥም።

«ሳይደርቅ በእርጥቡ፥ ሳይርቅ በቅርቡ» እንደ ተባለ፥ ጩኸት ገና ጩኸት ሳለ ይደመጥ። መኪና አፍ የለውምና ሕመሙን የሚነግረን በድምፁ ብቻ ነው፤ ያንንም ድምፅ ቀድሞ የሚሰማው ዝቅ ብሎ የሚሠራው ሠራተኛ ነው። እርሱን የሰማ ሹም መኪናውን ሰማ፤ እርሱን ያላመነ ግን እንደ እኔ ደብዳቤ ፈርሞ በኋላ ያፍራል።