ርካሽ ካርድ፣ የውሰት ስም

ዛሬ ኳሱንም ፖለቲካውንም ለጊዜው ወደ ጎን እናድርግና ስለ አንዲት አሮጌ ግራፊክስ ካርድ እናውራ። «ደግሞ የምን ካርድ አመጣችሁብን?» እንዳትሉ። ነገሩ ከካርዷ ያልፋል። ወር ከወር ቆጥቦ አንድ ጊዜ ብቻ መግዛት የሚችል ሰው፣ ሳጥን ላይ የተጻፈለትን አምኖ ገንዘቡን ስለሚያስረክብበት ገበያ ነው የምናወራው። (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ ካርዷም የፈረንጅ ናትና።)

የካርዷ ሙሉ ስም ሪቫ ቲኤንቲ2 ኤም64 ነው። ቺፑን የሠራው ኤንቪዲያ፣ የወጣችበት ዘመን ደግሞ 1999 ነው። ያን ዘመን ላልደረሳችሁበት ባጭሩ እንንገራችሁ። እስከ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ድረስ ቤት ውስጥ ባለ ኮምፒውተር ላይ የጌሙን ሥዕል የሚስለው ራሱ ፕሮሰሰሩ ነበር። በ1996 ስሪዲኤፍኤክስ የተባለው ኩባንያ ቩዱን ይዞ መጣና ሥራውን ለካርድ አስረከበው። በ1998 አንሪያልና ሃፍ ላይፍ ወጡ፤ ጨዋታው ሁሉ መልኩን ቀየረ። በ1999 መጨረሻ ክዌክ 3 አሬና ሲመጣ ደግሞ በሩን ዘጋው፤ የስሪዲ ካርድ ከሌላችሁ ጌሙ ጭራሹን አይነሳም።

እንግዲህ ገንዘብ ያለው ዋናውን ቲኤንቲ2 ወይም ቩዱ 3 ገዛ። ከዓመቱ መጨረሻ ጀምሮ የባሰበት ሀብታም ጂፎርስ 256 ነው ያለው። የሌለውስ? ለእሱ የተዘጋጀችው ኤም64 ነበረች።

ዛሬ የዘጠናዎቹን ጌሞች በዘመናቸው ማሽን መጫወት የሚወዱ ልጆች ይህችን ካርድ እንደገና እያነሷት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የቩዱ ካርዶች የሰብሳቢ ዕቃ ሆነው ዋጋቸው ሰማይ ነክቷል፣ ኤም64 ግን አሁንም በርካሽ ትገኛለች። ክርክሩም አብሮ ተነሳ። አንደኛው ወገን «ቆሻሻ ናት፣ አትንኳት» ይላል። ሌላኛው «ለዋጋዋ ምን ይወጣላታል?» ይላል። እኛ በሁለቱም አንስማማም። የካርዷን አቅም እና የካርዷን ስም ለየብቻ ካልመዘንን ፍርዱ ይዛባል ባይ ነን።

ምን ተቆረጠባት?

በዋናው ቲኤንቲ2 እና በኤም64 መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት አንድ ነው። ዋናው ቺፕ ከሚሞሪው ጋር የሚገናኘው በ128 ቢት መንገድ ነው፤ ኤም64 በ64 ቢት። መንገዱ ለሁለት ተከፈለ ማለት ነው።

ሚሞሪውን እንደ ጎተራ ቁጠሩት። ሻጩ «32 ሜጋባይት ነው!» ብሎ የሚፎክርበት ቁጥር የጎተራው ስፋት ነው። ቢቱ ግን የጎተራው በር ነው። ትልቅ ጎተራ ጠባብ በር ቢኖረው፣ እህሉ ውስጥ እያለ ሠራተኛው በር ላይ ተሰልፎ ይውላል። የኤም64 ዕጣ ይኸው ነው።

እስቲ በቁጥር እንየው፤ ከማባዛት በላይ አይጠይቅም። የካርዷ ቺፕ በ125 ሜጋኸርዝ ይሠራል፣ በአንድ ምት ሁለት ነጥብ ይቀባል። ስለዚህ በሰከንድ እስከ 250 ሚሊዮን ነጥብ መቀባት ይችላል። ለእያንዳንዱ ነጥብ ግን በትንሹ ሦስት ጊዜ ወደ ሚሞሪ መመላለስ አለ፤ «ከፊቱ የሚጋርደው ነገር አለ ወይ?» ብሎ ርቀቱን ማንበብ፣ አዲሱን ርቀት መመዝገብ፣ ቀለሙን መጻፍ። በ16 ቢት ቀለም እያንዳንዱ ምልልስ 2 ባይት ነው፤ ሦስቱ 6 ባይት። በ250 ሚሊዮን ሲባዛ በሰከንድ 1.5 ጊጋባይት ይሆናል። በ32 ቢት ቀለም ሁሉም እጥፍ ነው፤ 3 ጊጋባይት። የግድግዳውንና የልብሱን ሥዕል ማንበቡን ገና አልቆጠርንም።

አሁን ደግሞ በሩን እንለካ። ሚሞሪው በ150 ሜጋኸርዝ ቢሠራ በ64 ቢት መንገድ በሰከንድ 1.2 ጊጋባይት ብቻ ያልፋል። በዋናው ቲኤንቲ2 በኩል 2.4። አያችሁ? ዋናው ካርድ የ16 ቢቱን ሥራ ይችላል፣ በ32 ቢቱ ይደክማል። ኤም64 ደግሞ በ16 ቢቱም ቢሆን በር ላይ ትጠብቃለች፤ በ32 ቢቱማ መንገድ ላይ ቀረች።

እዚህ ላይ የሚያስቀው ነገር ይመጣል። በዚያው በ1999 የነበረው ርካሹ የስሪዲኤፍኤክስ ካርድ ቩዱ 3 2000 «የ32 ቢት ቀለም የለውም» ተብሎ ብዙ ተወቅሷል። እውነት ነው፣ አልነበረውም። ኤም64 ግን አላት፤ በወረቀት ላይ አሸነፈች። ችግሩ ጌሙን ከፍቶ 32 ቢትን የመረጠ ሰው ወዲያው ሥዕሉ እየተንቀራፈፈበት ወደ 16 መመለሱ አይቀርም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! ሁለቱም 16 ቢት ላይ ከተገናኙ ደግሞ በ143 ሜጋኸርዝ የሚሠራው ቩዱ በ128 ቢት በሩ በሰከንድ 2.3 ጊጋባይት ገደማ ያሳልፋል። የባህርያት ዝርዝር ብቻ አንብቦ የገዛ ሰው የማይጠቀምበትን አግኝቶ የሚጠቀምበትን አጣ።

ታዲያ ትሠራለች ወይስ አትሠራም?

ትሠራለች። ይህን ስንል ለማጽናናት አይደለም። «እንደ ቤትህ እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር» የሚለው ተረት ለዚህች ካርድ የተተረተ ይመስላል። 16 ቢት ላይ አድርጓት፣ ስክሪኑን 800 በ600 ላይ አቁሙት። ይህ 480,000 ነጥብ ነው። ወደ 1024 በ768 ከወጣችሁ 786,432 ይሆናል፤ ሥራው ከግማሽ በላይ ጨመረ ማለት ነው፣ በሩ ግን ያው ነው።

በዚህ ቅንብር፣ ከዘመኑ ፔንቲየም 2 ወይም ፔንቲየም 3 ጋር፣ ሃፍ ላይፍን በደንብ ታጫውታችኋለች። ክዌክ 3 ላይ ወደ 640 በ480 ወርዳችሁ፣ መብራቱን «ቨርቴክስ» ወደሚለው ብትቀይሩት እሱም ይሄዳል። አንሪያል ቶርናመንት ግን የስሪዲኤፍኤክስን የራሱን ቋንቋ፣ ግላይድን፣ የሚወድ ጌም ስለሆነ እዚያ ቩዱ ይበልጣታል። ፕሮሰሰሩ ደካማ ከሆነና ስክሪኑ አነስ ካለ ደግሞ ዋናው ቲኤንቲ2 እና ኤም64 ይቀራረባሉ፤ ምክንያቱም ያን ጊዜ ሁሉንም የሚያስጠብቀው ፕሮሰሰሩ እንጂ ካርዱ አይደለም።

መልካም ጎኗንም አንደብቅ። ብዙዎቹ ኤም64 ካርዶች ማራገቢያ የላቸውም፤ ድምፅ የለም፣ ተሰብሮ የሚቆም ነገርም የለም። ኤንቪዲያ ለዚህ ቤተሰብ እስከ 2005 ድረስ ድራይቨር አውጥቷል። የመጀመሪያዎቹ ቩዱዎች የተለመደውን ባለሁለት ገጽታ ሥራ ስለማይሠሩ ሁለተኛ ካርድ ይፈልጉ ነበር፤ እሷ ሁለቱንም ብቻዋን ትችላለች። «ቆሻሻ ናት» የሚሉን ወዳጆቻችን ብዙ ጊዜ የሚለኳት በጎረቤት ቅንብር ነው። ከፍተኛውን ስክሪን፣ 32 ቢት ቀለም መርጦ ከዚያ «አልቻለችም» ማለት፣ በአህያ ፈረስ ጉግሥ ገጥሞ አህያዋን እንደ መውቀስ ነው።

የኛ ጥያቄ ስሙ ላይ ነው

ርካሽ መሆን ነውር አይደለም። ሁሉም ሰው ውድ አይገዛም፤ ርካሽ ዕቃ የሚሠራልንንም እናመሰግናለን። ነውሩ የሚጀምረው የተቆረጠው ነገር በስም ሲሸፈን ነው። «ኤም64» የሚለውን ስም ልብ ብላችሁ አንብቡት። 64ቱ የሚጠቁመው ጠባቡን በር ነው፤ ጉድለቱን ማለት ነው። ለማያውቅ ገዢ ግን 64 ትልቅ ቁጥር ነው። ከቲኤንቲ2 ቀጥሎ ሲመጣማ የተጨመረ ነገር ይመስላል። መቀነስን እንደ መደመር አድርጎ መጻፍ ይሉታል እንዲህ ነው።

«ገዢው አንብቦ ይግዛ!» የሚሉ አሉ። ይሁን። ግን ምኑን ያንብብ? በትልቁ የሚጻፈው ሜጋባይቱ ነው፣ የበሩ ስፋት አይደለም። እኛ ሀገር ደግሞ ያገለገለ ኮምፒውተር የገዛ ሁሉ እንደሚያውቀው ሳጥን የሚባል ነገር የለም። «ካርድ አለው፣ 32 ነው» ይባላል፤ አለቀ። ያ ሰው ዘመድ ተበድሮ የገዛ ሊሆን ይችላል። ጌሙ ሲንቀራፈፍበት «ፕሮሰሰሩ ነው» ብሎ ሌላ ወጪ ያወጣል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን! ስሙ በግልጽ ቢነግረው ኖሮ ወይ ሌላ ይገዛል፣ ወይ ቅንብሩን አውርዶ በሰላም ይጫወታል።

ይህ የድሮ ታሪክ ቢሆን ኖሮ እኛም ባላነሳነው። ኤንቪዲያ በ2000 ጂፎርስ2 ኤምኤክስን ሲያወጣ የርካሽ ካርድ ጥሩ አርአያ ነበር፤ ርካሽ ሆኖ የ128 ቢት በሩን አልተቀማም። በቀጣዩ ዓመት «ኤምኤክስ 200» መጣና በሩ ወደ 64 ተመለሰ። በ2002 ጂፎርስ4 ኤምኤክስ የሚባል ወጣ፤ በስሙ ከጂፎርስ3 የሚበልጥ፣ በውስጡ ግን ጂፎርስ3 ያለው የሼደር ችሎታ የሌለው። በ2018 ጂቲ 1030 በዚያው ስም በዲዲአር4 ሚሞሪ ተሸጠ፤ የበሩ ፍሰት በሰከንድ ከ48 ጊጋባይት ወደ 17 ገደማ ወርዶ፣ ስሙ ንቅንቅ ሳይል።

በ2022 ግን ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። አርቲኤክስ 4080 በሁለት ዓይነት ይወጣል ተባለ፤ ባለ16 እና ባለ12 ጊጋባይት። ልዩነታቸው የሚሞሪ ብቻ ይመስላል። በውስጥ ግን ባለ12ቱ ቺፑም ያነሰ፣ በሩም ከ256 ወደ 192 ቢት የጠበበ ነበር። ተጫዋቾች ጮኹ። ኩባንያው በጥቅምት ወር ስሙ ትክክል እንዳልነበረ አምኖ ካርዱን ከገበያ ሳይደርስ መለሰው፤ በጥር 2023 በሌላ ስም፣ 4070 ቲአይ ተብሎ ወጣ። ስለዚህ «ምን ይደረጋል፣ ገበያ ነው» የሚለው መልስ አይሠራም። ገዢ ሲያውቅ ስም ይቀየራል።

እንግዲህ የእኛ ፍርድ ይህ ነው። አሮጌ ማሽን እየገጣጠማችሁ ከሆነና ኤም64 በጥቂት ብር ካገኛችሁ ግዟት፤ 16 ቢት፣ 800 በ600፣ ከዚያ በላይ አትጠይቋት። «ቲኤንቲ2 ነው» ብሎ የዋናውን ዋጋ የሚጠራ ከመጣ ግን ዊንዶውስ ውስጥ ገብታችሁ የመሣሪያውን ስም ተመልከቱ፤ «ሞዴል 64» የሚል ካያችሁ ዋጋው ይውረድ። ክዌክ ካለም «ታይምዴሞ» የሚለውን ትእዛዝ አስነሱት፤ የተቀዳውን ጨዋታ አጫውቶ በሰከንድ ስንት ሥዕል እንደሳለ ራሱ ይነግራችኋል። ቁጥሩ ሻጭ አያውቅም፣ አያዳላም።

ማንኛውንም ርካሽ ካርድ ስትመዝኑም፣ የዛሬውንም ቢሆን፣ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ምን ተቆረጠበት? የተቆረጠው እኔ የምጫወተውን ጌም ይነካዋል? ስሙስ ይህን ይነግረኛል ወይስ ይደብቀኛል? የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች ስለ ካርዱ ናቸው፤ ሦስተኛው ስለ ሻጩ ነው። ኤም64 ሁለቱን በጥሩ ውጤት አልፋ በሦስተኛው ወድቃለች።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉ አባቶቻችን። ለካርድም ሳይሠራ አይቀርም።

ቸር እንሰንብት!