ፍርዱን አንብበውታልን?

ባለፈው ጥር፥ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፥ አንዲት የጎረቤት ወይዘሮ አመሻሽ ላይ ወደ ቤታችን መጡ። ፊታቸው ለቅሶ ቤት የዋለ ሰው ፊት ይመስል ነበር። እናታቸው ከዐረፉ ሦስት ዓመት ሆኗል፤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከወንድማቸውና ከእኅታቸው ጋር በእናታቸው ቤት ምክንያት በፍርድ ቤት ሲከራከሩ ቆይተው ተፈርዶባቸዋል። ቡናው እስኪፈላ እንኳ ሳይታገሡ፦ «ዳኛው ጉቦ በልቶ ነው እንጂ እንዲህ አይፈረድብኝም ነበር» አሉ። ማስረጃቸው ምን እንደ ሆነ ብጠይቃቸው፦ «መፈረዱ ነዋ!» አሉኝ።

«ፍርዱንስ አንብበውታልን?» አልኋቸው።

አላነበቡትም። ጠበቃቸው መሸነፋቸውን በስልክ ነግሯቸው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ቢደውሉለት አያነሣም። በዚህ መካከል አንድ ጉዳይ ገዳይ በይግባኙ ፍርድ ቤት የማውቀው ሰው አለ ብሏቸው፥ ገንዘብ እንዲያዘጋጁ መክሯቸዋል። እርሳቸውም የወርቅ ሐብላቸውን ሊሸጡ አስበው ኖሯል ምክር ሊጠይቁኝ የመጡት። አንዱን ዳኛ በጉቦ እየከሰሱ ለሌላው ዳኛ ጉቦ ማሰናዳታቸው ለእርሳቸው አልታያቸውም፤ እውነቱን ለመናገር ከእኛ ቤት ስንቶቻችን ይህን አስተውለነዋል? የሙስና ወንጀሎችን ለመደንገግ በ2007 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ቁጥር 881 መሠረት ሰጪውም እንደ ተቀባዩ እንደሚጠየቅ ነገርኋቸውና ሐብሉ በአንገታቸው ላይ ቀረ።

በማግሥቱ የፍርዱን ግልባጭ ከመዝገብ ቤት አወጣን። ከፍርድ ቤቱ በራፍ አጠገብ ካለው ዛፍ ሥር ተቀምጠን ቃል በቃል አነበብሁላቸው።

የወይዘሮዋ ክርክር እናታቸው በሕይወት ሳሉ በጎረቤት ፊት «ይህ ቤት ያንቺ ነው» ብለው ሰጥተውኛል የሚል ነበር። ሦስት ምስክሮችም ይህንኑ መስክረውላቸዋል። ዳኛው ምስክሮቹን ሐሰተኞች አላላቸውም፤ ሰምቷቸዋል፥ አምኗቸዋልም። ነገር ግን የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2443 የማይንቀሳቀስ ንብረት ስጦታ በግልጽ በሚደረግ ኑዛዜ አሠራር ካልተደረገ ፈራሽ ነው ይላል። ይኸውም በጽሑፍ ሆኖ፥ በሰጪውና በአራት ምስክሮች ፊት ተነብቦ፥ ይህ መፈጸሙና ቀኑ በጽሑፉ ላይ ተመልክቶ፥ ሁሉም ሲፈርሙበት ነው። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ሥልጣን የተገኘ ዳኛ ወይም የውል መዝጋቢ ሲሆን ሁለት ይበቃሉ። የእናትየው ቃል እውነት ቢሆንም ቃል ብቻ ነበር። ስለዚህ ቤቱ ለሦስቱ ልጆች እኩል ይካፈል ተባለ።

ወይዘሮዋ ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ በኋላ፦ «ይህን ከመጀመሪያው ለምን አልነገረኝም?» አሉ። ዳኛውን ማለታቸው አልነበረም።

አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ሲሉ፥ ሰው ምክንያቱ ከተነገረው ትልቁንም ጉዳት እንደሚችል፥ ካልተነገረው ግን ትንሿ እንደምታንገበግበው ማመልከታቸው ነው። በቀድሞው ዘመን ምክንያቱ በጆሮ ይሰማ ነበር። ባላጋሮቹ በላ ልበልሃ ተባብለው ከጨረሱ በኋላ በችሎቱ ዙሪያ የተቀመጡት ከታናሹ ጀምሮ እስከ ታላቁ እየተነሡ «እንዲህ ስለ ሆነ እንዲህ ይገባዋል» ይላሉ፤ ተረቺውም መንገደኛውም ይሰማል። ዛሬ ያ ድምፅ በወረቀት ገብቷል። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 182፥ ፍርድ የተያዘውን ጭብጥ፥ ውሳኔውንና የውሳኔውን ምክንያት እንዲይዝ ያዛል። የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉም በአንቀጽ 149 ማስረጃው ለምን እንደ ታመነ ወይም ለምን እንዳልታመነ እንዲጻፍ ይፈልጋል። ዳኛ በመጀመሪያ የሚጠየቀው በዚህ ነው፤ በጻፈው ምክንያት። ነገር ግን ወረቀቱ ከመዝገብ ቤት ካልወጣና በቤተሰቡ መካከል ካልተነበበ ዳኛውን ማን ይጠይቀዋል?

ግልባጩን ስንጨርስ ሌላ ነገር አገኘን። ወይዘሮዋ በክሳቸው «ቤቱ የብቻዬ ካልተባለ፥ ጣሪያውን ለማስለወጥ ያወጣሁት ገንዘብ ይታሰብልኝ» ብለው ጠይቀው ነበር። ደረሰኞቹም ከመዝገቡ ጋር ተያይዘዋል። ፍርዱ ግን ስለዚህ አንድ ቃል አልተናገረም፤ አይገባቸውም አላለም፥ ይገባቸዋልም አላለም። በቅሎዪቱ በፍርድ ሄደች፥ ጭብጦዪቱ ግን ያለ ፍርድ ሄዳለች ማለት ነው።

ይህ ለይግባኝ የሚበቃ ነገር ነው፤ ዳኛው ጉቦ በላ ለማለት ግን አይበቃም። ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። የተሳሳተ ፍርድ የሚታረመው በበላይ ፍርድ ቤት ነው፤ ከዚያም አልፎ መሠረታዊ የሕግ ስሕተት ካለ በሰበር ችሎት ነው። በሥራው ያጠፋ ዳኛ፥ ይኸውም ጉቦ የተቀበለ፥ ለወገን ያደላ፥ ባለጉዳይን ያዋረደ ሲሆን፥ አቤቱታው የሚቀርበው ለዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ነው። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 79 መሠረት ዳኛ ጡረታ ሳይደርስ ከሥራው የሚነሣው በሥነ ሥርዓት ጥፋት፥ ጉልህ በሆነ የሥራ ችሎታና ቅልጥፍና ማነስ፥ ወይም በሕመም ሥራውን ማከናወን አይችልም ብሎ ይኸው ጉባኤ ሲወስንና ምክር ቤቱ በድምፅ ብልጫ ሲያጸድቀው ነው። ይህ አጥር የተሠራው ለዳኛው ምቾት አይደለም። አጥሩ ባይኖር ኃይለኛው ወንድም በአንድ ስልክ ዳኛውን ያስነሣውና የድኻዋ እኅት መዝገብ ለሌላ ይሰጥ ነበር። ነገር ግን ከአጥሩ ውስጥ በእውነት ያጠፋ ሰው ሲገኝ፥ ቀኑንና አድራጎቱን ለይቶ በጽሑፍ የሚከስ እንጂ ቡና ላይ የሚያማ አይጠቅምም።

ወደ ወይዘሮዋ ልመለስ፤ ጊዜው ጠቦባቸው ነበርና። የይግባኝ ማመልከቻ የሚቀርበው ፍርዱ በተሰጠ በ60 ቀን ውስጥ ነው፤ በዚያን ዕለት ስንቈጥር 51 ቀን አልፏል። ሕጉ በበቂ ምክንያት የዘገየ ይግባኝ እንዲከፈት ቢፈቅድም፥ የጠበቃን ወይም የወኪልን ጉድለት እንደ በቂ ምክንያት አይቀበለውም። ጠበቃው ቢተኛ የሚነቃው ባለጉዳዩ ነው። ስለዚህ ጠበቃ የያዘ ቤተሰብ የቀጠሮውን ቀን በራሱ ደብተር ይጻፍ፤ የከፈለበትን ደረሰኝ ይቀበል፤ ከመክፈሉም በፊት «የምሸነፍበት ነገር ምንድር ነው?» ብሎ ይጠይቅ። ታርጋው ላይ ስሙን ያጻፈ ሁሉ ፈቃድ እንዳለው ማረጋገጥም ነውር አይደለም።

በሌላ የሕግ ባለሙያ እርዳታ ይግባኙ በ57ኛው ቀን ገባ፤ ስለ ጣሪያው ገንዘብ ብቻ። ስለ ቤቱ ክፍያ ወይዘሮዋ ከእንግዲህ አልከራከርም ብለዋል፤ በፋሲካ ማግሥትም ወንድማቸው ልጆቹን ይዞ መጥቶ ሲበላ አይቻለሁ። ቀጠሮው ለሰኔ ነው።

የቀረው የጠበቃው ነገር ነው። በ2013 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ቁጥር 1249 የፌዴራል ጠበቆች ማኅበር ተቋቁሟል፤ ደንበኛውን የበደለ ጠበቃም በሥነ ሥርዓት ክስ ሊጠየቅ ይችላል። ማመልከቻውን ልጻፍልዎ ብያቸው ነበር። እስከ ዛሬ አልፈረሙበትም፤ የአገራቸው ልጅ ነውና፥ እናቱን በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲያገኟቸው ምን እንደሚሏቸው ያስባሉ። ወረቀቱ አሁንም በእኔ መሳቢያ ውስጥ ነው።